ሳሙና በር

ገንዘቡ እኔ ጋ ነው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣
አሥራ ስምንት ሺህ ብር፣ ከባጃጁ፣ ከሊስትሮው፣ ከሱቁ ተለቃቅሞ፣ ተቀላቅሎ።
ከመሃሉ አንዲት አሥር ብር በርበሬ በርበሬ ትሸታለች፤
የሰጠችኝ ሴትዮ «ዘንድሮስ?» ብላ ዝም አለች።

ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ሰፈራችንን ሳሙና በር ብሎታል፣
አምና ሠላሳ አንድ ጎል ገባብን፣ በራችን እውነትም ያሟልጫል።
በረኛችን ይታይህ፣ የተሰበረ ጣቱን በሻሽ ጠቅልሎ፣
መረብ ውስጥ ሲያጎነብስ ከረመ፣ ድንች እንደሚለቅም ሰው ውሎ።

ዛሬ ማታ ፀጉር ቤት ነን፣ መስተዋቱ ፊት ተኮልኩለን፣
ስድስት ሰዎች፣ አሥራ ሁለት መስለን።
ያለን የአንድ ተጫዋች ፊርማ ገንዘብ፤
ሁለቱንማ ማን ይጠላል፣ ኪሱ ነው እንጂ ጠባብ።

አንደኛው ኑረዲን፣ ከቅዳሜ ገበያ፣ ልብስ ሰፊ፣
ግራ እግሩ እንደ መርፌ፣ በቀዳዳው ሁሉ አላፊ።
ኳስ ሲነካ ልጆች አጥር ላይ ይንጠለጠላሉ፣
ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ረስተው ይነሣሉ።

ሌላው ማንደፍሮ፣ ከአዘዞ፣ የወፍጮ ቤት ተሸካሚ፣
ቅንድቡ ድረስ ዱቄት የለበሰ፣ ዝምተኛ፣ ቋሚ።
ስለ እሱ ወሬ የለም። ምን ተብሎ ይወራል?
ያልገባ ጎል፣ ያልመጣ ጎርፍ፣ ማን ይቆጥራል?

«ጎል ነው ሰው የሚያመጣ» አለ ፈንታሁን፣ ማበጠሪያውን እያራገፈ።
«ሠላሳ አንድ!» አለ መምህር አስማረ፣ ጣቱን በጠረጴዛው እየለጠፈ፣
«ጣሪያው የሚያፈስ ቤት እንግዳ ይጠራል?»
ቻላቸው ባጃጁን ጠራ፤ «ፍሬን ለሌለው ነዳጅ ምን ያደርጋል?»
«ነዳጅ ለሌለውስ ፍሬን?»
እዚህ ላይ ጥቂት ተደናገርን።

አንዱ ደግሞ ግንቡን አነሣ፤ ጎንደር ላይ ሳይነሣ አያድርም፤
«አባቶቻችን የሠሩት ግንብ ነው፣ ያለ አጥር ክብር የለም!»
ከጥግ፣ ፎጣ ከተሸፈነ ፊት፣ ድምፅ መጣ፦
«አሥራ ሁለት በር አለው እኮ፤ ሁሉ የገባበት፣ ሁሉ የወጣ።»

ሳቅን። እኔ ግን በሳቁ መሃል
ሃያ ዓመት ወደኋላ ሄድሁ።
በረኛ ነበርሁ።
አንድ ከሰዓት፣ ቃሃ ዳር ካለው ሜዳ፣
የፊቴ ሰዎች ሁሉ ጎል ፍለጋ ሄዱና
ቀረሁ።
ሣር፣ የተኛ ውሻ፣
ከዚያ ከሩቅ አንድ ሰው፣ ኳስ እየገፋ፣ ሳይቸኩል።
ጎሉን ረስቼዋለሁ።
ያንን ስፋት ግን፣
እስከ ዛሬ አንዳንድ ሌሊት እቆምበታለሁ።

እጄን ለማንደፍሮ አነሣሁ። ሦስት ለሦስት።
ገንዘቡ ያለበት ኪስ ግን የኔ ነው፤ አለቀ ሙግት።

ዜሮ ለዜሮ። ዜሮ ለዜሮ። እንደገና ዜሮ።
ፈንታሁን ግማሽ ጢሜን ላጨና «ምሳ ልብላ» ብሎ ወጣ፣ አኩርፎ፣ ተማሮ።
የበርበሬዋ ሴትዮ ባየችኝ ቁጥር ነጠላዋን ታስተካክላለች፤
ስድብ ብትጨምርበት ይቀለኝ ነበር፤ አትናገርም፣ ታልፋለች።
ይታይህ ብቻ መጣ ማታ፣ ጓንቱን ይዞ በደጄ፤
«ጋሼ፣ ንካው፣ ደረቅ ነው» አለና አስቀመጠው በእጄ።

ትናንት ብልኮ ሜዳ ጥግ፣ ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ ቆምሁ።
ኑረዲን ለእነሱ ፈርሟል። ሊያየኝ የሚችል ሰው ፈለግሁ፣ አጣሁ።
አንዱን አለፈ፣ ሌላውን፣ ኳሷን በሁለት እግር መሃል
እንደ ክር አሾለካት፤ በረኛው ገና ወደ ግራ ይወድቃል።
እጆቼ፣ እኔን ሳይጠይቁ፣ አጨበጨቡ።
ደንግጬ ዞር አልሁ።

ማንደፍሮ ነው፣ ከጎኔ፣ ከሥራ የመጣ፤
እሱም ያጨበጭባል፣
ከመዳፉ ዱቄት እየተነነ።